አሜካ ስፕሌንደንስን በቤት ማኖርና ማርባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜካ ስፕሌንደንስ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

በሜክሲኮ ሃሊስኮ ግዛት፣ በአሜካ ወንዝ ተፋሰስና በቴውቺትላን አካባቢ በሚገኙ ምንጮች ብቻ የሚኖር ወላድ ዓሣ ነው። እንቁላል አይጥልም፤ ጫጩቶቹን አሳድጎ ይወልዳል። ጉዴይዴ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያሉት 40 ገደማ ወላድ ዝርያዎች መኖሪያቸው የመካከለኛው ሜክሲኮ ደጋ ነው። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ የመዘገቡት ሮበርት ራሽ ሚለርና ጆን ማይክል ፊትዝሲሞንስ ናቸው።

ወንዱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ በመስመሩ ውስጥ የተበተኑት ቅርፊቶች መብራት ሲያርፍባቸው ያብለጨልጫሉ። የጅራቱ ጫፍ በጥቁርና በደማቅ ቢጫ ጠርዝ ይከበባል። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ጎኗ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ሲሆን ቢጫው ጠርዝ የላትም። በደንብ ከተያዙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይኖራሉ።

ከጋፒ፣ ከሞሊና ከፕላቲ በምን ይለያል? ሁሉም ይወልዱ የለ?

ይወልዳሉ፤ አወላለዳቸው ግን ለየቅል ነው። አሜካን የሚይዙ ሰዎች አብዛኛው ችግር የሚገጥማቸው ዓሣውን እንደ ትልቅ ጋፒ ስለሚቆጥሩት ነው። ልዩነቱ ሦስት ነገር ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚመነጨውም ከነዚሁ ነው።

አንደኛው፣ የጋፒ ጽንስ በአብዛኛው የሚያድገው በእንቁላሉ ውስጥ አስቀድሞ በተከማቸ ስንቅ ነው። የአሜካ እንቁላል ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል። ጽንሱ በእናቲቱ የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ውስጥ ሆኖ፣ ከመውጫው (ከፊንጢጣው) በኩል በሚበቅሉ ትሮፎቴኒያ በሚባሉ ሪባን መሰል ክሮች አማካኝነት ከእናቱ ፈሳሽ ምግብ እየሳበ ያድጋል። ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናው ወራት የምትበላው ምግብና የምትኖርበት ውሃ በቀጥታ ጫጩቱ ላይ ይታያል።

ሁለተኛው፣ ሴት ጋፒ ከአንድ ግንኙነት ያገኘችውን ዘር በሆዷ አስቀምጣ ለወራት ትወልዳለች። ሴት አሜካ ዘር አታስቀምጥም። ለእያንዳንዱ እርግዝና አዲስ ግንኙነት ያስፈልጋታል።

ሦስተኛው፣ ወንድ ጋፒ የታችኛው ክንፉ ወደ ቱቦ መሰል አካል ስለተለወጠ ሴቷ ባትፈልግም ሊያስረግዛት ይችላል። የአሜካ ወንድ ይህ የለውም። ያለው ከታችኛው ክንፉ ፊት ለፊት ላይ አጠር ብለው የተጠጋጉ ጥቂት የክንፍ ዘንጎች ናቸው፤ ከቀረው ክንፍ የሚለያቸው ስንጥቅ መሰል ጎድጓዳ ነው። ከሴቷ ጎን ተጠግቶ፣ ክንፉን አጥፎ ይይዛታል፤ እሷ ካልቆመችለት ግን ምንም አይሆንም። ወንዱ ክንፎቹን ዘርግቶ፣ ገላውን አጣሞ፣ እየተንቀጠቀጠ ፊት ለፊቷ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው።

ለመጀመር ስንት ዓሣ ልያዝ?

ቢያንስ 6፣ ቦታ ካለዎት ከ8 እስከ 10። ጥሩው አሰላለፍ 3 ወንድና 5 ወይም 6 ሴት ነው። ሁለት ወንድ ብቻ ሲሆኑ ኃይለኛው ሌላኛውን ያለ ዕረፍት ያሳድደዋል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግልፍተኝነቱ ይከፋፈላል። ጥንድ ገዝቶ መጀመር አይመከርም።

ሆዷ የገፋ አንዲት ሴት ብቻ ገዝተው «ትወልድልኛለች» ብለው አይቁጠሩ። የያዘችውን ትወልዳለች፤ ወንድ ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከተቻለ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ወጣቶችን ይምረጡ፤ ከአዲሱ ውሃ ጋር ቶሎ ይላመዳሉ፤ በመንገድም ላይ የሚጨናገፍ ጽንስ የላቸውም።

ምን ያህል ገንዳ ይበቃል?

ለ6 እስከ 8 ዓሣ 120 ሊትር የሚይዝ፣ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ገንዳ። ከጥልቀት ይልቅ ርዝመት ይምረጡ፤ አሜካ ቀኑን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር የሚዋኝ ዓሣ ነው። በ60 ሊትር ገንዳ ውስጥ ለጊዜው ቢኖርም ወንዶቹ ይጋጫሉ፤ ተሸናፊው የሚሸሽበት አይኖረውም።

ክዳን የግድ ነው። ሲደነግጡና ሲሳደዱ ይዘላሉ፤ የማሞቂያና የቱቦ ማስገቢያ ክፍተቶችም መዘጋት አለባቸው።

ፊልተሩ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ4 እስከ 5 ጊዜ የሚያዞር ይሁን። ብዙ ስለሚበሉ ብዙ ያስወጣሉ። መምጠጫው ላይ ስፖንጅ ያልብሱበት፤ ጫጩት ከመሳብ ያድናል። ከዋናው ፊልተር በተጨማሪ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ማስገባት ጥሩ ነው።

ወለሉ ላይ ደቃቅ ጠጠር ወይም አሸዋ፣ በአንዱ ጫፍ ድንጋይና እንጨት ደርድረው መደበቂያ ይሥሩ፤ መሐሉን ለዋና ይተዉት። ለስላሳ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ይቀነጥባሉ፤ ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ይቋቋሟቸዋል። ለጫጩት መሸሸጊያ ግን ጃቫ ሞስ ወይም ሆርንዎርት በብዛት ያስፈልጋል። ተበልቶ ቢሳሳም ቶሎ ይተካል። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ሙሉ በሙሉ አይፋቁት፤ የፊቱን ብቻ አጽድተው የጀርባውንና የጎኑን ይተዉላቸው። ቀኑን ሙሉ ሲግጡት ይውላሉ።

ውሃው ምን ዓይነት ይሁን?

ጠጣር፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት ውሃ። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 8.2፣ ጠጣርነቱ ከ8 እስከ 20 የጀርመን ዲግሪ ይስማማቸዋል። የቧንቧዎ ውሃ ለስላሳ ከሆነ፣ የተፈጨ ኮራል ወይም የኖራ ድንጋይ በመረብ ከረጢት አድርገው ፊልተሩ ውስጥ ያስገቡ። ለ100 ሊትር በ200 ግራም ጀምረው በየሳምንቱ እየለኩ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ፒኤች ማስተካከያ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ ቁጥር ማሳደድ አይጠቅምም፤ ዓሣውን ይበልጥ የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ውሃ ነው።

አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ30 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለባቸው። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ያው መጠን አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል፤ ስለዚህ በአሜካ ገንዳ ውስጥ «ትንሽ አሞኒያ» የሚባል ነገር የለም።

በየሳምንቱ ከ30 እስከ 40 በመቶውን ውሃ ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ማጥፊያውን ጨምረው፣ ሙቀቱ ከገንዳው ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይለይ አድርገው ይሙሉ። የተነነውን መተካት ውሃ መቀየር አይደለም፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑና ናይትሬቱ ወደኋላ ስለሚቀር እየከረረ ይሄዳል።

ገንዳውን ገዝቼ ዓሣውን በማግስቱ ላስገባ?

አይሆንም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪሰፍሩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ዓሣ ሳያስገቡ፣ መዓዛና ሳሙና የሌለበት ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እንዲደርስ ይጨምሩ። ሲወርድ መልሰው እዚያው ያድርሱት። የጨመሩት 2 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ ሲገኝ ፊልተሩ ደርሷል። ከዚያ አብዛኛውን ውሃ ቀይረው ዓሣውን ያስገቡ። ከጤነኛ ገንዳ የተወሰደ የፊልተር ስፖንጅ ካገኙ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ማሞቂያ ያስፈልጋል? ሙቀቱ ስንት ይሁን?

ክፍልዎ ዓመቱን ሙሉ ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ማሞቂያ አያስፈልግም። የደጋ ዓሣ ነው፤ ቋሚ ሙቀት አይወድም። ዓመቱን ሙሉ 26 ዲግሪ ላይ የተያዙ ሴቶች ሳያርፉ ያረግዛሉ፣ ይደክማሉ፣ የሚወልዱት ቁጥርም እየቀነሰ ይመጣል።

የምንመክረው ቀዝቃዛ ወቅት መስጠት ነው። ከ2 እስከ 3 ወር ውሃውን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያድርጉት፤ ሲያወርዱትም ሲያወጡትም በሳምንት ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እንጂ በአንዴ አይሁን። በዚህ ጊዜ ምግቡን በግማሽ ይቀንሱ፤ በብርድ ጊዜ መፈጨቱ ስለሚዘገይ የቀረው ይበሰብሳል። ቀስ ብሎ ወደ 23 እና 24 ዲግሪ ሲመለስ ወንዶቹ ቀለማቸው ይደምቃል፤ መሽኮርመሙም ይጀመራል። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ስለሚያንስ ወደ ላይ ወጥተው ሲያለከልኩ ያዩአቸዋል፤ አየር ይጨምሩ፣ ክዳኑን በመረብ ተክተው ውሃው እንዲተን ያድርጉ፣ መብራቱን ያጥፉ።

ምን ይብሉ?

ዋናው ምግባቸው ዕፅዋት ነው። አንጀታቸው የተሠራው አልጌ ሲግጥ ለሚውል ዓሣ ነው። ከሚሰጡት ምግብ ሁለት ሦስተኛው ስፒሩሊና (የአልጌ ዱቄት) ያለበት ፍሌክ (ስስ ቅጠል መሰል ደረቅ ምግብ) ወይም ደቃቅ እንክብል፣ በፈላ ውሃ ለ1 ደቂቃ የተነከረ ስፒናች፣ ዝኩኒ፣ ልጣጩ የወጣለት አተር ይሁን። ቅጠሉን በድንጋይ አስረው ያስጥሙት፤ 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የተረፈውን ያውጡ። ቀሪው ሲሶ እንደ ዳፍኒያና አርቴሚያ ያሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ወይም የትንኝ እጭ ሊሆን ይችላል።

እንደ የከብት ልብ ያለ ቅባትና ሥጋ የበዛበት ምግብ አይስጧቸው፤ ሆድ ይነፋል። እርጉዟ ላይ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ቦታ የሚሻሙ ጽንሶች ስላሉ ጉዳቱ ይብሳል። በሌላ በኩል ስንቅ የምትሰጠው እናቲቱ ስለሆነች፣ በእርግዝና ወቅት ዳፍኒያና አርቴሚያውን በሳምንት ከ3 እስከ 4 ጊዜ ማድረስ ተገቢ ነው። ይህን ማመዛዘን ከተማሩ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል።

በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚያነሱትን ያህል ይስጡ። የጠገቡ አይመስሉም፤ በቀረቡ ቁጥር ወደ መስታወቱ ይሮጣሉ። አይመኗቸው።

ወንዶቹ የጅራታቸው ጫፍ የተበላው ለምንድን ነው?

ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው የበላይነት ግጭት ነው፤ ወንዶች ጎን ለጎን ቆመው ክንፍ ዘርግተው ይለካካሉ፣ ከዚያ ይናከሳሉ። ይህ በጥቂቱ ያለና የሚድን ነው።

ሁለተኛው ቢጫው ጠርዝ ነው። በጉዴይዴ ወንዶች ጅራት ላይ ያለው ቢጫ መስመር ሲወዛወዝ ትል ወይም የነፍሳት እጭ ይመስላል። ኮንስታንቲኖ ማሲያስ ጋርሲያና ኤልቪያ ራሚሬስ እ.ኤ.አ. በ2005 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የጉዴይዴ ሴቶች ለዚህ ጠርዝ የሚሰጡት ምላሽ ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ጅራቱን ጠቅ የሚያደርጉት ሴቶች መሆናቸውን ካዩ አይገረሙ።

ቁስሉ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ካላወጣ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ተከታታይ የውሃ ለውጥ ይበቃዋል። አንድ ወንድ ጥግ ይዞ ካልተንቀሳቀሰ፣ ምግብም ካልመጣ፣ አውጥተው ለብቻው ያድርጉት። ወይም የገንዳውን ድንጋይና እንጨት በሙሉ ቦታ ይቀያይሩ፤ የተያዘው ግዛት ስለሚፈርስ ግጭቱ ለጊዜው ይበርዳል።

ከሌሎች ዓሦች ጋር ማኖር ይቻላል?

ለብቻቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ጋፒ፣ ኤንጀልፊሽ፣ ቤታ እና ሌሎች ረጅም ክንፍ ያላቸው ዓሦች ክንፋቸው ይቀነጠባል። ፈጣንና አጭር ክንፍ ያላቸው፣ ጠጣር ውሃና ቀዝቀዝ ያለ ሙቀት የሚችሉ ዓሦች ይስማማሉ። ሌሎች የጉዴይዴ ዝርያዎችን ግን አይጨምሩ፤ አሜካ ኃይለኛ ስለሆነ ደካሞቹን ከምግብ ያርቃቸዋል፤ ለዘራቸው ንጽሕናም መለየቱ ይሻላል።

ሴቷ ማርገዟን በምን አውቃለሁ? ጥቁሩን ነጥብ አላየሁም።

አያዩትም። ጋፒ ላይ ከሆድ በስተኋላ የሚታየው ጥቁር ምልክት በአሜካ ላይ የለም። የሚለወጠው ቅርጿ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዷ ከጎን ብቻ ይሰፋል፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከላይ ሲያዩአት አራት ማዕዘን ወደ መምሰል ትጠጋለች፣ የመውጫው አካባቢም ያብጣል። በየሳምንቱ በአንድ ቦታ ላይ ከጎን ፎቶ ቢያነሷት ለውጡ ይታወቃል። ከምግብ በኋላ ያለው ሆድ በማግስቱ ይወርዳል፤ እርግዝና አይወርድም።

በ24 ዲግሪ እርግዝናው ከ55 እስከ 60 ቀን ይቆያል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። ወጣት ሴት ከ5 እስከ 8፣ ትልቅ ሴት እስከ 20 እና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች። ቁጥሩ ከጋፒ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱ ጫጩት ግን ትልቅ ነው።

እርጉዟን በመውለጃ ሳጥን ልለያት?

አይለዩዋት። በገንዳ ውስጥ የሚንጠለጠሉት ትናንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ለአሜካ ወጥመድ ናቸው። 9 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ልማዷ መዋኘት የሆነ ዓሣ እዚያ ስትገባ ግድግዳውን ትመታለች፣ ትደነግጣለች፣ ጊዜው ያልደረሰ ጽንስ ትጥላለች።

የሚሻለው እዚያው ባለችበት እንድትወልድና ገንዳውን በተክል ማጨቅ ነው። በደንብ የሚበሉ አሜካዎች ጫጩቶቻቸውን ብዙም አያሳድዱም። የተራቡ ከሆነ ግን ይበላሉ። የግድ መለየት ካስፈለገ፣ ከ40 ሊትር የማያንስ፣ ተክል የሞላበት፣ የደረሰ ፊልተር ያለው ገንዳ አዘጋጅተው በእርግዝናዋ የመጀመሪያ 3 ሳምንት ውስጥ ያዛውሯት። ከዚያ በኋላ መረብ አይንካት።

ጫጩቶቹ ከሆዳቸው ሥር ክር ተንጠልጥሎባቸዋል። በሽታ ነው?

አይደለም፤ በእናታቸው ሆድ ሲመገቡባቸው የነበሩት ትሮፎቴኒያዎች ናቸው። ጫጩቱ ሲወለድ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንዱም ወደ 2 ይጠጋል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ወይም ተክል ሥር ያርፋል። በእጅ መብራት ከጎን ቢመለከቱት፣ ከመውጫው ሥር ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ነጣ ያሉ ሪባኖች ከገላው ጋር ሲወዛወዙ ያያሉ። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ተመጥጠው ይጠፋሉ። ለመንቀል አይሞክሩ፤ መድኃኒትም አይጨምሩ።

ክሩ ቀይ ከሆነና የሚታየው በትልልቆቹ ዓሦች መውጫ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ስለ በሽታ የሚለውን ከታች ይመልከቱ።

ጫጩቶቹን ምን ላብላ?

በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ይበላሉ። አፋቸው ትልቅ ስለሆነ የደቀቀ የስፒሩሊና ፍሌክ ወዲያው ያነሳሉ። የመጀመሪያውን ወር አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ በቀን 1 ጊዜ መጨመር እድገታቸውን በጣም ያፋጥናል። አርቴሚያውን ለመፈልፈል በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ከታች የሚገባ ጠንካራ አየርና መብራት ያስፈልጋል። በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። አየሩን አቁመው 10 ደቂቃ ሲቆዩ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፤ ብርቱካናማዎቹን ከታች በቀጭን ቱቦ ስበው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው ይስጡ። ቅርፊቱ ወደ ገንዳው እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ አይፈጭም።

ጫጩቶች በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይብሉ። ለብቻቸው ከሆኑ በሳምንት 2 ጊዜ 30 በመቶ ውሃ ይቀየርላቸው። እድገት የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በምግብ እጥረት ሳይሆን በጠባብ ቦታና በቆሸሸ ውሃ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው የታችኛውን ክንፍ በማጉያ መነጽር ካዩት ወንዱ ከፊቱ ጎድጓድ ያለ ይሆናል። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ለመውለድ ይደርሳሉ።

ጫጩቶቹ ሞተው ወይም ተጣመው ተወለዱ። ምን ሆነው ነው?

ክሩ ረጅምና ወፍራም ከሆነ፣ ጫጩቱም ያነሰና የገረጣ ከሆነ፣ ጊዜው ሳይደርስ ተጨናግፏል ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት መጓጓዝ፣ በመረብ ማሳደድ፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ፣ ወይም ጨካኝ ወንድ ብዙውን ጊዜ መንስኤ ይሆናል። ሙሉ እድገት ደርሰው የሞቱ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ናይትራይትና ናይትሬት ይለኩ፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ይዩ፣ ከዚያ የእናቲቱን ምግብ ያስቡ። በጣም የወፈረች ሴት ለመውለድ ትቸገራለች። ትልቅ እናት ወልዳ ሳትጨርስ አንድ ጫጩት መውጫዋ ላይ ተይዞ ቢታይ አይጎትቱት፤ መብራት አጥፍተው፣ ገንዳውን ሸፍነው፣ ጸጥታ ይስጧት።

አከርካሪው የተጣመመ ጫጩት በየወሊዱ የሚደጋገም ከሆነ የቅርብ ዘመድ መዳቀል ይጠርጠሩ። እንዲህ ያለው ጫጩት ለዘር መቅረት የለበትም።

ለወራት አልወለዱም። ወንድም ሴትም አለኝ።

ከሁሉ በፊት ወንዱ ወንድ መሆኑን በክንፉ ያረጋግጡ፤ ተሸናፊ ወንድ ቀለሙን ስለሚያደበዝዝ ሴት ይመስላል፣ ወጣት ሴትም በተቃራኒው ታሳስታለች። ቀጥሎ ሙቀቱን ይዩ፤ ከ20 በታች ከሆነ ማረፋቸው ተፈጥሯዊ ነው፣ ለዓመት ሙሉ ከ26 በላይ ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ወቅት ይስጧቸው። ወንዱ 1 ብቻ ከሆነና ሴቶቹ ካልተቀበሉት ሌላ ወንድ ያምጡ፤ እዚህ ዓሣ ላይ ምርጫው የሴቷ ነው። የመጨረሻው፣ እየወለዱ እየተበሉ ሊሆን ይችላል። ማለዳ መብራት ከመብራቱ በፊት በእጅ መብራት ተክሉን ይፈትሹ፤ የነበራት ሆድ በአንድ ሌሊት ከጎደለ መልሱን አግኝተዋል።

የትኞቹ በሽታዎች ያጠቋቸዋል?

አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ገንዳ፣ በሌላ መረብና በሌላ ባልዲ ማቆየት አብዛኛውን ችግር ያስቀራል።

በገላና በክንፍ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ (ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ) ካዩ፣ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ 26 ወይም 27 ዲግሪ አድርሰው አየር ይጨምሩ፣ በሊትር 2 ግራም ጨው በ24 ሰዓት ውስጥ ከፋፍለው አሟሙተው ያስገቡ፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ያቆዩት። ሙቀቱ የጥገኛውን የሕይወት ዑደት ያፋጥናል፤ መድኃኒቱ የሚያገኘው ደግሞ ከዓሣው ወርዶ ሲዋኝ ብቻ ነው። ነጠብጣቡ በ3 ቀን ስለጠፋ ሕክምናውን ካቋረጡ ይመለሳል። ጨው ካልበቃ ለዚሁ የተሠራውን መድኃኒት በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ።

ከመውጫው የሚወጡ ቀይ ክሮች ካማላነስ የተባለ ትል ምልክት ናቸው። ይህ ትል ጫጩቱን በውሃ ውስጥ ይለቃል፤ ስለዚህ አንድ ዓሣ ላይ ከታየ መላው ገንዳ ይታከማል። ሌቫሚዞል በሊትር 2 ሚሊ ግራም አድርገው፣ መብራት አጥፍተው ለ24 ሰዓት ይተዉት። መድኃኒቱ ትሉን የሚያሽመደምድ እንጂ ሁልጊዜ የሚገድል ስላልሆነ፣ የወጡትን ትሎች ከወለሉ በመሳቢያ ቱቦ ጠርገው 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ይቀይሩ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ይድገሙት።

ኤሌክትሪክ ቢቋረጥስ?

ቅዝቃዜው አያሳስብም፤ አሜካ ይችለዋል። አሳሳቢው ኦክስጅን ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያኑሩ፤ ከሌለዎት በየ20 ደቂቃው ከገንዳው ውሃ በማሰሮ ቀድተው ከከፍታ መልሰው ያፍስሱ። ምግብ አይስጡ። መቋረጡ ለብዙ ሰዓታት ከቆየ፣ ኃይሉ ከመመለሱ በፊት የተዘጋውን ፊልተር ከፍተው ውስጡ የቆመውን ውሃ ይድፉ፤ ያለ አየር የቆየው ውሃ መርዛማ ሆኖ ስለሚጠብቅ ወደ ገንዳው መመለስ የለበትም።

በጣም በዙብኝ፤ ምን ላድርግ?

ወንዶችንና ሴቶችን ይለዩ። ሴቶቹ ዘር ስለማያስቀምጡ የያዙትን ወልደው ያቆማሉ፤ ጋፒ ላይ ይህ አይሠራም። የተረፉትን ለሌሎች አርቢዎች ይስጡ፣ በተቻለ መጠን በቡድን። ሲያጓጉዙ ከ24 ሰዓት በፊት ምግብ ያቁሙ፣ ከረጢቱ ሲሶ ውሃና ሁለት ሦስተኛ አየር ይያዝ፤ ሆዳቸው የገፋውን አያጓጉዙ።

ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ ውስጥ ፈጽሞ አይልቀቁ። አሜካን ራሱን በገዛ አገሩ ካመነመኑት ምክንያቶች አንዱ ከሌላ ቦታ መጥተው የተለቀቁ ዓሦች ናቸው።

ዘሩን ጤነኛ አድርጎ ማቆየት እንዴት ይቻላል? ይህን ያህልስ ለምን አስፈለገ?

አሜካ ለዓመታት በተፈጥሮ ውስጥ እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። በኋላ በጥቂት ምንጮች ውስጥ መትረፉ ቢታወቅም፣ መኖሪያው በብክለት፣ በውሃ መጥለፍና በባዕድ ዓሦች ምክንያት በጣም ጠቧል። ሰው ቤት ያለ ገንዳ በዚህ ዓሣ ጉዳይ ተራ ጌጥ ያልሆነው ለዚህ ነው። በዚያው በቴውቺትላን ጠፍቶ የነበረው ዘመዱ ዞጎኔቲከስ ተኪላ ወደ ወንዙ የተመለሰው፣ በሰው እጅ ተጠብቀው ከቆዩ ዓሦች በተራባ ዘር ነው፤ ሥራውን የመሩት የሚቾአካን ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ቼስተር የእንስሳት ማቆያ ናቸው።

ለቤት አርቢ ሥራው ይህን ያህል ነው፦ ዓሣውን ሲቀበሉ ከየትኛው ወንዝ ወይም ምንጭ የመጣ ዘር መሆኑን፣ ከማን በኩልና መቼ እንደመጣ ይጠይቁና ይጻፉ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ዘሮችን አያቀላቅሉ። ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ትልልቅ ዓሦች ያሉበት መንጋ ለመያዝ ይሞክሩ፤ ቦታው ካልበቃ፣ ተመሳሳይ ዘር ካለው ሌላ አርቢ ጋር በየ2 ዓመቱ ጥቂት ወጣቶች ይለዋወጡ። ለዘር ሲመርጡ ቢጫው የደመቀውን ወንድ ብቻ አይለዩ፤ የተለያዩ እናቶች ልጆችን ያስቀሩ። ዓሣውን ለሌላ ሰው ሲሰጡ የዘሩን ጽሑፍ አብረው ይስጡ። መነሻው ያልታወቀ አሜካም ደስ ብሎት ይኖራል፣ ይወልዳል፤ ወደ ምንጩ የሚመለስበት ቀን ቢመጣ ግን የሚፈለገው መነሻው የተጻፈለት ነው።